ተራ ቁጥር ዘጠኝ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በክፍሉ ውስጥ ማን የት እንደነበረ በሙሉ አስታውሳለሁ። መምህሩ ከሰሌዳው በስተግራ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ሰብለ የምትባለው ተማሪ ሥራ አስኪያጁን ሆና በመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ በስተቀኝ፣ ክንድ ያህል ራቅ ብላ፣ ሕይወት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች፤ እርሷ እኔን ሆናለች። ከሁለቱ ፊት ለፊት፣ ክፍሉ መካከል፣ ብቻውን የቆመው ከድር ነው፤ እርሱ ዩሱፍን ሆኗል። ከከድር ኋላ ሰባት ተማሪዎች በግማሽ ክብ ቆመዋል። የቀሩት አራቱ ድርሻ ስላልደረሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አንዷ የዩሱፍ ሚስት ፋጡማ ናት። ሌላዋ እኔ ነኝ።

እያንዳንዳቸውን ቦታ ያስያዝኳቸው እኔ ነበርኩ። «አንተ ትንሽ ወደ ግራ። አንቺ ወደ ኋላ።» ሰዎች ሲሰበሰቡ ማን የት እንደቆመ መያዝ የቆየ ሥራዬ ነው።

ጽጌ እባላለሁ። የሐረር ልጅ ነኝ። አያቴ ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እኛም ከግንቡ ውጭ ተወልደን ከግንቡ ውጭ አደግን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ተማርኩና አንድ የመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ የለም። የተማሪ ዴስክ፣ በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጡረታ እስክወጣ ሥራዬ ይኸው ነበር። የጽጌ ቃለ ጉባኤ ስርዝ ድልዝ የለውም ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሕይወት በሬን ያንኳኳች ቀን ነው። የምኖረው ወደ ሐኪም ጋራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሰው ብዙ አይመጣብኝም። በሩን ስከፍት አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ፎልደር ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች።

«እማማ፣ ወይዘሮ ጽጌ እርስዎ ነዎት?»

«ማን ላከሽ?»

«ፊርማዎ» አለችና ሳቀች።

ፎልደሩን ከፍታ ፎቶ ኮፒ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። የእጅ ጽሑፌ ነው። ከታች «ቃለ ጉባኤ ያዥ ጽጌ» ይላል፤ ፊርማዬም አለ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከእማ ፋጡማ። ጀጎል ውስጥ ግቢያቸው ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባለቤታቸው ጋሽ ዩሱፍ አምና ከረመዳን በፊት ሲያርፉ ከሳጥናቸው ወጣ።»

ዩሱፍ መሞቱን ሰምቻለሁ። ለቅሶ አልሄድኩም ነበር።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«በሥራ ቀን ቢሮ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ማስተርስ እማራለሁ። የሰው ሀብት አስተዳደር። አሁን የያዝነው ትምህርት ድርጅታዊ ባህርይ ይባላል።»

«ድርጅት ባህርይ አለው እንዴ?»

«ኧረ አለው እማማ። ለዚያውም አመለኛ ነው።»

መምህራቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአገራችን መሥሪያ ቤት የተወሰደ እውነተኛ ጉዳይ አምጡ ብሏቸዋል። ስብሰባውን እንደ ቲያትር ይሠሩትና ይወያዩበታል። ሰዎቹ በምን ዓይነት ቦታ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደነበሩ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

«የሰዎቹን ስም እንቀይራለን» አለችኝ። «የጋሽ ዩሱፍን ብቻ አንቀይርም። እማ ፋጡማ ስሙ ይጠራ ብለዋል።»

እምቢ ልላት ነበር። ግን የጠየቀችኝ ቦታውን ብቻ ነው። ቦታውን ነግሬ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፋጡማን ከጀጎል በር አገኘኋት። ቀይ ሻርፕ ለብሳለች። ከጥንት እንተዋወቃለን፤ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር እንጂ ከዚያ አልፈን አናወራም። ትምህርት ቤቱ ከግንቡ ውጭ ስለሆነ አብረን ዳገቱን ወጣን። እርሷም ጉልበቷ፣ እኔም ጉልበቴ፤ በየጥቂቱ እየቆምን።

«ጽጌ» አለችኝ ቆመን ስንተነፍስ፣ «ዩሱፍ አንቺን በደግ ነበር የሚያነሳሽ።»

ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩ።

«ሃያ ዓመት ጠየቅሁት። የተሾመን እጅ በመጋዝ ያስበላኸው አንተ ነህ ወይ እለዋለሁ። ተይው ፋጡማ ይለኛል። ወላሂ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ሊሞት ሲልም ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ ጠየቅሁት። ተይው አለኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን አስበሽ ነው?»

«የሰው ሐቅ ከባድ ነው እህቴ። እርሱ ካደረገው ተሾመ ቤት ሄጄ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ለሟቹ አፉ በለው እላለሁ። ይቅር ሳይባል አፈር ውስጥ አይተኛም። ካላደረገው ደግሞ ሄጄ አፉ በለው ማለቴ፣ አዎ ባሌ ነው እጅህን የቆረጠው ብዬ መመስከሬ ነው። በሞተ ሰው ላይ! እርሱ ተነሥቶ አይመልስ። ስለዚህ ለሕይወት፣ እናንተ የተማራችሁ ወረቀቱን መርምሩልኝና እኔ ልስማ አልኳት። ሰኞ ወይ እሄዳለሁ፣ ወይ እቀራለሁ።»

ከዚያ እንደገና መውጣት ጀመርን። ሻርፗን አስተካከለች።

ተሾመ አናጢ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ክቡ መጋዝ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ወሰደ። በመጋዙ ላይ የሚደፋ የብረት መከለያ አለ፤ ያን ቀን በቦታው አልነበረም። የማሽኑ ክፍል ኃላፊ ዩሱፍ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የዓመቱ ግምገማ ሆነ። ሕይወት ይዛ የመጣችው የዚያን ግምገማ ቃለ ጉባኤ ነው።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ላልነበረ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ልንገረው። ሠራተኛው ተራ በተራ መሀል ይቆማል። ባልደረቦቹ ጥፋቱን ይነግሩታል፤ ይህ ሂስ ይባላል። እርሱም ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይከላከላል። በመጨረሻ ውጤት ይሰጠዋል። አንዳንዱ ከዚያ ወጥቶ ሻይ ይጠጣል። አንዳንዱ ከዚያ ወጥቶ አይመለስም።

ተማሪዎቹ ሁሉም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ቁርስ ሳይበሉ የመጡ፣ ልጅ ለጎረቤት ጥለው የመጡ፣ ሳቅ የማይከብዳቸው። ከድር ትልቅ ሰውነት ያለው፣ የሆነ ቢሮ የሎጂስቲክስ ኃላፊ ነው። መሀል ሲቆም አንዱ «ከድር፣ ሆድህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሟቹ ቀጭን ነበሩ» ብሎ አሳቀው። ፋጡማም ሳቀች።

ጀመሩ። ከግማሽ ክቡ አንዱ ወረቀቱን ያነባል፦

«አቶ ዩሱፍ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ አሥር ደቂቃ ይዘገያል።»

«ተቀብያለሁ» አለ ከድር።

«የሻይ ብርጭቆ ማሽን ላይ ያስቀምጣል።»

«ተቀብያለሁ።»

«ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ሌላውን ይረብሻል።»

«ተቀብያለሁ።»

«መዶሻ ሲያውስ ፊቱን ያጠቁራል።»

«ይሄማ የኔ ባል ነው!» አለች አንዷ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፋጡማ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «እውነት ነው እኮ» አለችኝ፤ «ቤትም እንደዚያው ነበር። የብርጭቆው ክብ ሳጥኑ ላይ እስካሁን አለ።» ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ፊቷ ግን ይስቅ ነበር። ባሏን በሰዎች አፍ ሕያው ሆኖ ስታየው ደስ ብሏት ነበር ብዬ አስባለሁ።

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል። ሰው ሲጠራው ሁለቴ ካልሆነ አይሰማም። ከድር እየተዝናና «ተቀብያለሁ» ይላል። ሕይወት አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ከዚያ ሰብለ ተራ ቁጥር ዘጠኝን አነበበች። በወረቀቱ ላይ ይህን የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው።

«የመጋዙን መከለያ ፈትተህ በማንሳትህ በሠራተኛ ላይ ጉዳት እንዲደርስ አድርገሃል።»

ከድር አፉን ከፈተና ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ፈለገኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ። እዚህ ጋ ወዲያው ነው የመለሱት ወይስ ዝም ብለው ነበር? ወረቀቱ አይናገርም።»

«ትንሽ ቆይቷል» አልኩ።

«ወዴት እያዩ?»

ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። መምህሩ ጆሮዬ የከበደኝ መሰለው፤ «ግድ የለም፣ ቀጥል» አለው።

ከድር ወደ ፊት ዞረ። የት እንደሚያይ ስላላወቀ ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ ዓይኑ ሕይወት እጅ ላይ አረፈ። ሕይወት እየጻፈች ነበር። ሰፊ ጀርባው፣ ዘንበል ያለ አንገቱ፣ ዓይኑ እስክሪብቶው ላይ።

«ተቀብያለሁ» አለ።

እኔ ከድርን አላየሁም። ማንን እንዳየሁ ታውቃላችሁ። ጣቶቼን በነጠላዬ ሸፈንኳቸው።

መምህሩ ወደ መሀል መጣ። ወጣት ነው፤ ንግግሩ የታረመ ነው። «እሺ» አለ፣ «አሁን ስሜታችንን ትተን ሰነዱን እንመልከት። ጥያቄው አንድ ነው። እኚህ ሰው ዘጠነኛውን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ሰው ጫና ሲበዛበት ያልሠራውንም ይቀበላል።»

«የምን ጫና?» አለችው ሰብለ። «አንድ ሰው አልጮኸበትም እኮ። የሻይ ብርጭቆ፣ መዶሻ … ጓደኞቹ ናቸው። በፍቅር ነው የገመገሙት።»

«እኔም በዚህ እስማማለሁ» አለ ሌላው። «ስምንቱ ሂስ ትክክል ነው፤ ባለቤታቸውም ይኸው ትክክል ነው አሉ። ስምንት ጊዜ እውነቱን የተቀበለ ሰው ዘጠነኛው ላይ ለምን ይዋሻል? ለዚያውም በራሱ ላይ!»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነጥብ ነው። ለማንኛውም ድምፅ እንስጥ። ፈጽመዋል የምትሉ?»

ቆጠርኩ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ከድር፣ ሕይወትና ባለመነጽሩ ብቻ አላወጡም። ሕይወት ከተቀመጠችበት ዞራ ፋጡማን አየች፤ ያመጣቻት እርሷ ናትና ደንግጣለች።

ፋጡማ ወንበሯን ተደግፋ ተነሣች። «እንግዲህ የተማረው ካለ አለቀ» አለች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። «አልሐምዱሊላህ። ቁርጥን ማወቅም ደግ ነው። አላህ ይስጥልኝ ልጆቼ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ቆዪ ፋጡማ» አልኩ። «ተቀመጪ።»

ከዚያ ተነሥቼ በተማሪዎቹ መሀል አልፌ ሕይወት ጋ ደረስኩ። «ተነሺ ልጄ፣ ይህ የኔ ቦታ ነው» አልኳት። ተነሣችልኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ሲታይ ከድር በጣም ቅርብ ነበር።

«የምናገረውን ስጨርስ ጠይቁኝ እንጂ አታቋርጡኝ» አልኳቸው።

እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው።

ተሾመ የተጎዳ ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ የመጋዙ መከለያ ከቢሮዬ በር ኋላ ቆሞ አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ገባና ሳየው አየኝ። «እሁድ መጥቼ ያነሳሁት ነው» አለኝ። «ሥራ ያዘገያል። ለዩሱፍ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትንገሪው።» ዩሱፍ ገና አልገባም ነበር። ከቢሮዬ እስከ ማሽኑ ክፍል ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ መጋዙን እንዳትነኩ ማለት እችል ነበር። ኮቴን ሰቀልኩ፣ የታይፑን ሽፋን አነሣሁ፣ ሥራ ጀመርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተሾመ ሲጮህ ሰማሁ። ሁላችን ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጥን። ስመለስ መከለያው ከበሩ ኋላ አልነበረም። በማግስቱ በመጋዙ ላይ ተመልሶ ተገጥሟል።

ከእኔና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ማን እንዳነሳው የሚያውቅ አልነበረም። ዩሱፍ እርሱ እንዳላነሳው ያውቃል፤ ማን እንዳነሳው ግን አያውቅም።

ግምገማው ሦስት ቀን ሲቀረው ዩሱፍ ቢሮዬ መጣ። ስለ ተሾመ ይነሣብኛል ብሎ ፈርቷል። እኔ ብዙ ግምገማ አይቻለሁ። ሰው እንዴት እንደሚተርፍ አውቃለሁ። ስለዚህ መከርኩት። «ለሚወዱህ ልጆች እነግራለሁ» አልኩት። «ቀድመው ትንንሽ ጥፋት ይናገሩብሃል። ዘገየ፣ አንጎራጎረ፣ እንዲህ ያለ። ሂሱ ከበዛ ሰዓቱ ይሞላል፤ ለትልቁ ቦታ አይቀርም። አንተ ሁሉንም ተቀበል። አንድም አትከላከል። የተከላከለ ሰው አይታረምም ይባላል፤ የተቀበለ ግን ይማራል ተብሎ ይታለፋል።»

«ሁሉንም?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«አንቺ ካልሽ» አለኝ።

ስምንቱን ሂስ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። የሻይ ብርጭቆውን ለማን እንደሰጠሁ እንኳ አስታውሳለሁ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ፋጡማ እንደቆመች ናት።

ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አንድ አመል አለው፤ ከተናጋሪው ወደ ኋላ ላለመቅረት የሚመጣውን ቃል ቀድሞ ይጽፋል። «ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ» የሚለውን ስብሰባው ሳያልቅ ይጽፈዋል። እኔም ስምንት ጊዜ «ተቀብሏል» ብዬ ጽፌ እጄ ለምዶታል። ሥራ አስኪያጁ የመከለያውን ነገር ሲያነሣ ቃሉን እንደሰማሁት ጻፍኩ፤ ከዚያ ጎን፣ ዩሱፍ አፉን ሳይከፍት፣ «ተቀብሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ጽፌ ስጨርስ ቀና አልኩ። ዩሱፍ እያየኝ ነበር። ፊቴን አይደለም። እጄን ነበር የሚያየው። እኔ ካልኩት የማይወጣ ሰው ነው፤ ልከላከል ወይስ ልቀበል ብሎ ከእኔ ምልክት ይፈልግ ነበር። ያገኘው ምልክት የእስክሪብቶዬ መሄድ ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ በሩቅ ይታወቃል። ያን ጊዜ ነው «ተቀብያለሁ» ያለው።

የስንብት ደብዳቤውንም የተየብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ዩሱፍ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ሶፊ ሄዶ፣ አባቱ መሬት ላይ ገብቶ ጫት ተከለ።

«ዩሱፍ መከለያውን አላነሳም» አልኩ። «ያልኩት ይኸው ነው። ጨረስኩ።»

መጀመሪያ የተናገረችው ፋጡማ ናት። ከበሩ አጠገብ፣ ሳትጮህ፦

«ከአፉ ሳይወጣ ጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እርሱም ስትጽፊ አየሽ።»

«አዎ።»

«ከዚያስ፣ ለምን አልሰረዝሽውም?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መልሱ ግን ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወዲያው መጣ።

«ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው ብዬ» አልኳት።

ፋጡማ ራሷን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቀች፤ ገበያ ውስጥ ዋጋ እንደተነገረው ሰው።

«ያውቅ ነበር?» አለችኝ። «መከለያው ካንቺ በር ኋላ እንደነበረ፣ ዩሱፍ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያ ደግ ሰው ናት እያለ ሞተ።»



መምህሩ ማርከሩን አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ምናልባት አንድ ቃል ሊጽፍ ነበር፤ ለሁሉ ነገር ቃል አላቸው። ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ቆመና መልሶ ከደነው። ባለመነጽሩ ተማሪ «ዶክተር፣ ድምፁ ይደገም?» አለ። እጅ ያወጡት ሰዎች አሁን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ያላወቁ ይመስሉ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከዚህ ትልቅ ጥፋት ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ሰምቻለሁ። ሰው የገደለ ሰው አውቃለሁ፤ ታስሮ ወጥቶ ሰላም ብሎኝ ያልፋል። የኔን የሚያከብደው ማንም እንደ ጥፋት ያላየው መሆኑ ነው። ሥራዬን በትክክል ሠራሁ። ወዳጄን መከርኩ። ቃለ ጉባኤውን ጊዜው ሳያልፍ አስገባሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዩሱፍ ገበያ ሲያገኘኝ ሸክሙን አውርዶ እጄን ይጨብጥ ነበር። «ልጅሽ እንዴት ናት? አደገች?» ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሣውም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። የሚመጣብኝ ሰላምታው ነው። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ነበር የማገኘው፤ ከሞተ ወዲህ ግን በየቀኑ አገኘዋለሁ፤ ሱቅ በር ላይ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ እጁን ዘርግቶ።

ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ የምላችሁ የለኝም። የተናገርኩትን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለፋጡማ በሕይወት እጅ ላክሁላት። ሰኞ ዕለት ተሾመ ቤት የሄደችው ፋጡማ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ተሾመ ምን እንዳለኝ የራሱ ነው፤ አልጽፈውም። ሕይወት አልፎ አልፎ ትመጣለች። ጥናቷን ስለ ቃለ ጉባኤ ያዦች ልታደርገው ታስባለች። «በሥራ ላይ ዝም የሚሉ ሰዎች» የሚል መጽሐፍ የሚያህል ንባብ አለ ትላለች። አላነበብኩትም። ስብሰባ ላይ የምትቀመጡ፣ በተለይ የምትጽፉ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሰውዬው እስኪናገር ጠብቁት። ከኋላው ብትቀሩ ምንም አይደለም።

የዚያን ቀን የቀረውን ልጨርስ።

ከወንበሩ ተነሣሁ። ማንም አልደገፈኝም፤ ድጋፍም አልፈለግሁም። ቦርሳዬ ከኋላ ነበርና በከድር አጠገብ አልፌ ሄድኩ። ከድር እንደ ዩሱፍ መሀል ላይ እንደቆመ ነበር፤ ከዚያ ቦታ መውጣት እንደሚችል የነገረው ሰው የለም። ፋጡማ ተቀምጣለች። የተቀመጠችው በሩ አጠገብ ስለሆነ እግሮቿ መተላለፊያው ላይ ተዘርግተዋል፤ የሚያማት ጉልበቷ ነው። ቦርሳዬን ከወንበሩ አነሣሁ። ፊቷ ቆምኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ፣ መጀመሪያ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን፣ እግሮቿን ሰበሰበችልኝ።

አለፍኩ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።